ከሮቢት ጣርማ በር ስንት ፐርሰንት ነው?

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ስለ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ ለሞተር የሚሰጠው ዕቃ) የሚጠይቀው አንድ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ስለ ባትሪ፣ ስለ ቻርጀርና ስለ ሶኬት ነው። እኔ ደብረ ብርሃን ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ የመኪና ኤሌትሪክ ስሠራ ኖሬአለሁ። ግቢዬ ውስጥ አንዲት አሮጌ ዲኤክስ ቶዮታ ቆማለች፤ አጠገቧ ደግሞ ከገዛኋት ሁለት ዓመት ሊሞላት የተቃረበ ቢዋይዲ ሲጋል የምትባል የቻይና የኤሌክትሪክ መኪና አለች። ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ። የምመልስላችሁም መሪ ጨብጬ ካየሁት ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሸዋ ሮቢት ሽንኩርት የምነግድ ሰው ነኝ። በጥቅምት ሲጋል ገዛሁ፤ ባለ ትልቁ ባትሪ ናት። ሻጩ «አንዴ ከሞላች 405 ኪሎሜትር ትሄዳለች» ብሎኛል። ባለቤቴንና ሁለት ልጆቼን ይዤ ደብረ ብርሃን ዘመድ ልጠይቅ ወጣሁ። መቶ ኪሎሜትር እንኳ ሳይሞላ ባትሪው ከመቶ ወደ 50 ወረደብኝ። ልጆቹ ከኋላ ቁጥሩን ጮክ ብለው ሲቆጥሩ እኔን ላብ አጠመቀኝ። ተታልዬ ነው ወይስ ባትሪው ያረጀ ነው?
(ነጋዴ፣ ከሸዋ ሮቢት)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ባትሪዎ አላረጀም። መኪናዎ የሚገባትን ሠርታለች። በእኛ አገር መንገድ የሚቆጠረው በዳገት ነው፤ ሻጩ የነገረዎት ግን ኪሎሜትሩን ብቻ ነው።

405 የሚለው ቁጥር የመጣው ከቻይና የሙከራ ሥርዓት ነው። መኪናዋ ቤት ውስጥ በሚሽከረከር ብረት ላይ ትቆማለች፤ ጎማዋ ይዞራል እንጂ እሷ ከቦታዋ ንቅንቅ አትልም። አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 29 ኪሎሜትር ገደማ ነው። ብርድ የለም፣ ነፋስ የለም፣ ዳገት ደግሞ ጭራሽ የለም። ይህ ቁጥር ሁለት መኪኖችን ለማወዳደር ይጠቅማል። ከሮቢት ተነሥቶ ደብረ ብርሃን ለሚወጣ ሰው ግን ብዙ አይነግረውም።

እስቲ አብረን እናስላው። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደብረ ብርሃን ከመድረስዎ በፊት የሚያልፉበት የጣርማ በር ዋሻ ያለው ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ ነው። ስለዚህ ዋሻው አፍ እስኪደርሱ ድረስ መኪናዎን ከ1,700 ሜትር ባላነሰ ወደ ላይ አንሥተዋታል። ሲጋል ባዶዋን 1,240 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች፤ አራት ሰውና ሻንጣ ሲጨመርባት ከ1,500 ኪሎ ታልፋለች። ይህን ክብደት 100 ሜትር ከፍ ለማድረግ፣ መንገድ ላይ የሚባክነው ተጨምሮ፣ ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። አንድ ኪሎዋት ሰዓት ማለት ቤታችን ባለው የመብራት ቆጣሪ ላይ አንድ ቁጥር የሚዞረው ነው። በ1,700 ሜትር ስምንት ተኩል ቁጥር ሄደ ማለት ነው። ባትሪዎ ጢም ብሎ ሲሞላ የሚይዘው 38.88 ኪሎዋት ሰዓት ስለሆነ፣ ለዳገቱ ብቻ 22 ፐርሰንት ያህል ከፍለዋል። የቀረው 28 ፐርሰንት ለ95 ኪሎሜትሩ የወጣ ነው፤ ሲሰላ በመቶ ኪሎሜትር ከ11 እስከ 12 ቁጥር ይመጣል። አራት ሰው ለጫነች መኪና ይህ እጅግ ጥሩ ነው። የእኔዋም ከዚህ አትሻልም።

ዳገቱ የወሰደውን ቁልቁለቱ ሙሉውን ባይሆንም ይመልሳል። ታኅሣሥ ላይ ከባለቤቴ ጋር ወደ ሮቢት ወረድን። ከደብረ ብርሃን በ80 ተነሣን፤ ዋሻው ጋ ስንደርስ 62 ላይ ነበርን። ጉሙ መንገዱን ሸፍኖት ስለነበር ጭላዳዎቹ ከመንገዱ ዳር ተቀምጠው የታዩን አጠገባቸው ስንደርስ ነው። ከዋሻው ወጥቼ እግሬን ከነዳጅ መስጫው ላይ ሳነሣ (ነዳጅ ባይኖርም ስሙን አልቀየርሁትም) መኪናዋ በራሷ ያዝ አደረገች። ሞተሩ ዲናሞ ሆኖ ባትሪውን መሙላት ጀመረ። ከፊታችን የሚወርደው የጭነት መኪና የፍሬን ሸራው እየጨሰ ነበር፤ ሽታው መስኮት ዘግተንም ይገባል። እኔ በዚያ ሁሉ ቁልቁለት ፍሬን የረገጥሁት ጠባብ ኩርባ ላይና ከብት ሲያቋርጥ ብቻ ነው። ባለቤቴ ስልኳን ትታ ቁጥሩን ታይ ነበር። 62 ቆየ፣ 63 ሆነ፣ ከዚያ 64። ሮቢት ገብተን ጥላ ሥር ስናቆም 66 ይል ነበር። ከደብረ ብርሃን ሮቢት 14 ፐርሰንት ማለት ነው። ያንኑ መንገድ እርስዎ ወደ ላይ በ50 ፐርሰንት ወጡት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርዎት። ደብረ ሲና ላይ ወይም ዋሻው አጠገብ ሆነው ባትሪውን መቶ አድርሰው ቁልቁለቱን አይጀምሩ። የሞላ ባትሪ የሚመለሰውን ኃይል የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። እግርዎን ሲያነሡ መኪናዋ እንደለመዱት አትይዝልዎትም፤ ሥራው ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ያንን ቁልቁለት በፍሬን ብቻ መውረድ ምን እንደሚያስከትል የሮቢት ሰው ለሆኑት ለእርስዎ አልነግርም። 80 ወይም 85 ላይ ነቅለው ይውረዱ።

ሲወጡ ደግሞ ሮቢት ላይ ማታ ሲበርድ መቶ ይሙሏት፤ ቀን በዚያ ሙቀት ባትሪውን አያሰቃዩት። ጎማውን ያስለኩ። ዳገቱን በ50 እና በ60 መካከል ይውጡ። ልጆቹም ይቁጠሩ፤ አሁን እርስዎ የሚሆነውን አስቀድመው ያውቁታል። ዋሻው ጋ 65 ከሆኑ ደብረ ብርሃን በ50 ይገባሉ። ዋሻው ጋ 55 ከሆኑ ግን የሆነ ነገር አለ፤ የጎማ ነፋስ፣ የተጎተተ ፍሬን ወይም ከልክ ያለፈ ጭነት ይፈልጉ።

ጥያቄ፦ ክረምት ላይ መንገዱን ጎርፍ ያቋርጠዋል። የኤሌክትሪክ መኪና ውኃ ሲነካት ሰው ትገድላለች ይባላል። እውነት ነው?
(ከአንኮበር)

መልስ፦ እውነት አይደለም። ባትሪው በታሸገ ሣጥን ውስጥ ነው ያለው፤ ዝናብም ላቫጆም አይጎዳውም። ጎርፍን በተመለከተ ሕጉ ለቤንዚን መኪና ከምናውቀው አይለይም፤ ውኃው ከጎማው እኩሌታ ካለፈ ወይም ታቹ ካልታየ ቁም። እኔን የሚያሳስበኝ ድንጋዩ ነው። የባትሪው ሣጥን ከመኪናዋ ሆድ ሥር ተነጥፏል፤ እንዲህ ያሉ ትንንሽ መኪኖች ደግሞ ዝቅ ያሉ ናቸው። ኮረኮንች ላይ ድው የሚል ድምፅ ከሰማህ ጋራዥ ውስጥ ካለ የመፈተሻ ጉድጓድ ላይ አስወጥተህ ሥሩን በባትሪ መብራት እይ። ጭረት ይለፍ፤ ጎርበጥ ያለ ወይም የተሰነጠቀ ነገር ካየህ ቻርጅ ሳታደርግ ለባለሙያ አሳይ።

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ተከራይቼ የምኖር ነርስ ነኝ። የሌሊት ተረኛ ስለምሆን መኪና ግድ ሆነብኝና ባጠራቀምሁትና በብድር አንድ ያገለገለች የኤሌክትሪክ መኪና ገዛሁ። በረንዳው ላይ ካለው ሶኬት ቻርጅ አደርግ ነበር። ባለፈው ሳምንት ሶኬቱ ቀልጦ ከግድግዳው ላይ ተንጠለጠለ። አከራዬ እትዬ «ቤቴን ልታቃጥይብኝ ነው፤ ሁለተኛ እንዳትሰኪ» አሉኝ። ምን ላድርግ?
(ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ አከራይሽ እውነታቸውን ነው። የቀለጠ ሶኬት እሳት ከመነሣቱ በፊት የሚመጣ ማስጠንቀቂያ ነው። ጥፋቱ ግን የመኪናዋም ያንቺም አይደለም።

ይህ ነገር እኔም ቤት ደርሷል። የእኔ ሙያ የመኪና እንጂ የቤት ኤሌትሪክ ስላልሆነ፣ ሲጋልን ስገዛ ለግቢዬ መስመር የዘረጋልኝ ሌላ ሰው ነበር። ሥራው ከውጭ ሲታይ ያማረ ነው፤ ነጭ ቱቦ፣ አዲስ ሶኬት። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ቀሰቀሰኝ። ጋቢዬን ጣል አድርጌ ስወጣ ሶኬቱ በቀኝ በኩል ቡና መስሏል፤ በእጄ ጀርባ ስጠጋው ይፋጃል። ብሬከሩን አጥፍቼ ሲቀዘቅዝ መሰኪያውን በፒንሳ ነቀልሁት፤ አንዱ ጥርሱ ከፕላስቲኩ ጋር ተጣብቆ ነበር። ጠዋት ግድግዳውን ሳስፈታ ቱቦው ውስጥ የተሳበው ለአምፖል የሚሆን ቀጭን 1.5 (ስኩዌር ሚሊሜትር) ገመድ ነው፤ መካከል ላይ ደግሞ በእጅ ተጠምዝዞ በፕላስተር ተጠቅልሏል። ያቺ ጥምዝ ከሰል ሆናለች። ቤቴና ሁለቱ መኪኖቼ የዳኑት በዚያች ሽታ ነው፤ ዛሬም ሳስበው ይዘገንነኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አብሯት የመጣው ቻርጀር በብዛት 10 አምፒር ይስባል፤ በ220 ቮልት ሲባዛ 2,200 ዋት ነው። የእንጀራ ምጣድ ከዚህ በላይ ይስባል። ታዲያ ምጣዱ ያላቀለጠውን ሶኬት ቻርጀሩ ለምን ያቀልጠዋል ትይኝ ይሆናል። ምጣዱ ሁለት ሰዓት ተጋግሮበት ይነቀላል፤ ቻርጀሩ ግን አሥር አሥራ ሁለት ሰዓት ሳያርፍ ይስባል። ሶኬቱ ውስጥ ላላ ያለች አንዲት ብሎን በሁለት ሰዓት ሞቅ ትላለች፤ በአሥር ሰዓት ትቀልጣለች።

ስለዚህ እትዬን አስቀምጠሽ በእርጋታ ይህን ንገሪያቸው። ከዋናው ቦርድ ቀጥታ የሚመጣ፣ ሌላ ምንም ነገር የማይቀጠልበት፣ የራሱ ብሬከር ያለው መስመር ይዘርጋ። ገመዱ መዳብ ይሁን፤ ከ4 አይነስ፣ ከተቻለ 6 ይሁን። መካከሉ ላይ ቅጥያ አይኑር። ሶኬቱ በገበያ ካለው ጠንካራው ይሁን፤ ዋጋው ሁለት እጥፍ ቢሆንም አትሳሺ። ኤክስቴንሽንና ዲቫይደር በፍጹም። ወጪውን አንቺ ቻዪ፤ ስትለቂ መስመሩ ለቤቱ ይቀራል። ይህን ሲሰሙ እንቢ የሚሉ አከራይ ያሉ አይመስለኝም። ቆጣሪው የጋራ ከሆነ ደግሞ ለመስመርሽ ትንሽ የራሷ ቆጣሪ አስገጥሚለት፤ በወሩ መጨረሻ ስንት ቁጥር እንደዞረ እሳቸውም አንቺም ታያላችሁ፣ ጭቅጭቅ የለም።

አርዙን (ያመለጠ ኤሌትሪክ ወደ መሬት የሚያወርደውን ሽቦ) አደራ። ብዙ ቻርጀር አርዝ ካላገኘ ቀይ መብራት አብርቶ አልሞላም ይላል። አንዳንድ ሠራተኛ ይህን ሲያይ አርዙን ከኒውትራል ጋር አገናኝቶ ቻርጀሩን ያታልለዋል። መብራቱ አረንጓዴ ይሆናል፣ መኪናዋም ትሞላለች። አንድ ቀን መስመሩ ላይ ኒውትራል ቢበጠስ ግን የመኪናዋ አካል በሙሉ ኤሌትሪክ ይይዛል፤ እርጥብ መሬት ላይ ቆሞ በሩን የሚነካ ሰው ይሞታል። የመዳብ ዘንግ መሬት ውስጥ ይቀበር። የእኛ መሬት በበጋ ሲደርቅ አርዙ ይደክማልና ዘንጉ ያለበትን ቦታ ከጥር እስከ ሰኔ ውኃ አጠጪው። ባለቤቴ ጌሾዋን የተከለችው እዚያው ላይ ነው፤ ስታጠጣ ሁለቱም ይጠጣሉ።

ስትሰኪ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ይሁን። አመሻሹ ላይ ሰፈሩ በሙሉ ምጣድና ምድጃ ሲጥድ ቮልቱ ይወርዳል። እትዬ የሚጋግሩበት ቀን ደግሞ ምጣዱና ቻርጀሩ በአንድ ፌዝ ላይ አብረው አይዋሉ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ነቅለሽ ሩብ ሰዓት ጠብቂ። በመጀመሪያው ሳምንት ቻርጅ ከጀመረች ከአንድ ሰዓት በኋላ ወጥተሽ ሶኬቱን በእጅሽ ጀርባ ንኪው። ለብ ካለ ደህና ነው። ካቃጠለሽ ነቅለሽ ሰውዬውን ጥሪው።

ጥያቄ፦ ከመሐል ሜዳ ነው የምጽፈው። በውርጩ ሰሞን ጠዋት መኪናዬን ልከፍት ብል በቁልፉም በስልኩም አልከፈት አለች። ማታ ሳቆማት 60 ፐርሰንት ነበራት። ጎረቤቴ በላንድክሩዘሩ ይጎትትልኝ?
(ሾፌር፣ ከመሐል ሜዳ)

መልስ፦ እንዳይጎትት! መጀመሪያ ይህን ልበልህ። የፊት ጎማ የሚነዳቸው መኪኖች የፊት ጎማቸው መሬት ነክቶ ከተጎተቱ ሞተሩ ያለ ፈቃድህ ዲናሞ ይሆናል፤ በሽቦዎቹ የሚሄደው ኃይል መቆጣጠሪያውን ያቃጥለዋል። ግድ ከሆነ ሎቤድ ላይ ትጫን ወይም የሚነዱት ጎማዎች ከመሬት ይነሡ።

አሁን ወደ ችግርህ። ያልቅብናል የምንለው ትልቁ ባትሪ አላለቀም። በአብዛኞቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ውስጥ እንደማንኛውም መኪና አንዲት ትንሽ 12 ቮልት ባትሪ አለች። በሩን የምትከፍተው፣ ኮምፒውተሩን የምትቀሰቅሰው፣ ትልቁን ባትሪ «ተነሥ» የምትለው እሷ ናት። እሷ ከደከመች ትልቁ ባትሪ መቶም ቢሆን መኪናዋ ሬሳ ናት። መሐል ሜዳ ላይ ኅዳርና ታኅሣሥ ሣሩ ነጭ ሆኖ የሚያድርበት ብርድ ደግሞ የደከመችን ባትሪ አይምርም።

ቁልፍህ ውስጥ የተደበቀ የብረት ቁልፍ አለ፤ የሹፌሩን በር በእሱ ክፈት። ኮፈኑን ክፈትና ትንሿን ባትሪ ፈልግ። ከጎረቤትህ መኪና በኬብል አስነሣት፤ ፖዘቲቩን ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቩን ከመኪናዋ ብረት ጋር። የላንድክሩዘሩ ባትሪ 12 ቮልት መሆኑን አረጋግጥ፤ 24 ከሆነ ተወው። ዳሽቦርዱ ሲበራ «ሬዲ» የሚለውን አብርተህ ግማሽ ሰዓት አቆያት፤ ትልቁ ባትሪ ትንሿን ይሞላታል። በሳምንቱ ከደገመችህ ለውጣት። ዳሽቦርድ ላይ የሚሰካ ካሜራ ካለህ ግን ጥፋቱ እሱ ሊሆን ይችላል፤ ሌሊቱን ሙሉ ትንሿን ባትሪ ሲመጥጣት ያድራል።

ስለ ውርጩ አንድ ነገር ልጨምር። እነዚህ ባትሪዎች በብርድ ቀስ ብለው ነው የሚሞሉት፤ ጠዋት ላይም እግርህን ስታነሣ መኪናዋ የምትይዘው ያነሰ ነው። ቁልቁለት የምትወርድ ከሆነ ይህን አስታውስ። እኔ የማደርገው ማታ ገብቼ ባትሪው ገና ሞቅ እንዳለ መሰካት ነው። ሌሊት አሥር አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሞልታ ትጠብቀኛለች፤ ስነሣም አልቀዘቀዘችም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አባቴ ከልጅነቴ ጀምሮ የሚነዳት ዲኤክስ አለችው። አሁን አርጅቷል። እኔ ሸጠን የኤሌክትሪክ እንግዛ እላለሁ፤ እሱ አይሆንም ይላል። ደግሞ ቤንዚን ትበላለች፣ ጥቁር ታጨሳለች፣ ዳገት ላይ ትንፏቀቃለች። ካርቡሬተሯ ይሠራል ወይስ ትሸጥ?
(ከጫጫ)

መልስ፦ ልጄ፣ ያችኛዋ የካርቡሬተር ደብዳቤ ያንተ ናት። ለመጨረሻ ያቆየኋትም ሆን ብዬ ነው።

ዲኤክሷ የምትንፏቀቀው ስላረጀች ብቻ አይደለም። እኛ ያለንበት አገር ከፍታ የሞተርን ትንፋሽ ይነጥቃል። የቤንዚን ሞተር ነዳጁን የሚያቃጥለው በአየር ነው፤ ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል። በየ1,000 ሜትሩ አንድ አሥረኛ ያህል ጉልበት ይቀንሳል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ላይ ናት፤ ስለዚህ የእናንተ 1,290 ሲሲ ሞተር ከፋብሪካ ሲወጣ ከነበረው ጉልበት ሩቡን ያህል ገና ከቤት ሳይወጣ አጥቷል። ካርቡሬተሩ ደግሞ ይህን አያውቅም። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑን አይቀንስም፤ እንደ ቆላ አገር እየቀዳ ይሰጣል። የተረፈው ቤንዚን ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፣ ካንዴላውን ጥላሸት ያለብሰዋል፣ ኪስህንም ያራቁታል።

የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም። ጣርማ በር ላይ ያለው ጉልበት ሮቢት ላይ ካለው አንድ ነው። እንዲያውም አየሩ ስለሳሳ የሚገፋት ነፋስ ይቀንስላታል። ለደጋ ሰው የተፈጠረች መኪና ብትኖር ይህች ናት ብዬ የማምነው በዚህ ነው። መጀመሪያ ጊዜ ሲጋልን ይዤ ወደ ዋሻው ስወጣ፣ ከሃያ ዓመት በላይ በሁለተኛ ማርሽ ያቃሰትሁበትን ዳገት ሳትቸገር ስትወጣው እንባ ነበር የመጣብኝ።

የወጪው ነገርም እንዲሁ ነው። ዲኤክሷ በዚህ ከፍታ በመቶ ኪሎሜትር ዘጠኝ አሥር ሊትር ብትጠጣ አይግረምህ፤ ሊትሩ ከመቶ ብር ካለፈ ቆይቷል። ትንሿ የኤሌክትሪክ መኪና ለመቶ ኪሎሜትር 12 ወይም 13 ቁጥር ትፈልጋለች፤ ቻርጀሩ ላይ የሚባክነውን ጨምረህ 15 በለው። የቤታችሁን የመብራት ቢል አምጣና የአንዱን ቁጥር ዋጋ በ15 አባዛው። ከዚያ ቢሉን ለአባትህ አሳያቸው፤ ከኔ ቃል ይልቅ እሱ ያሳምናል።

ሆኖም ችኩል አትሁን። በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ መንግሥት የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪኖች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ ገበያው በኤሌክትሪክ መኪና ተሞልቷል፤ ሁሉም ግን እኩል አይደለም። ያገለገለች ከሆነች ኮምፒውተር ይሰካላትና የባትሪው ጤንነት በፐርሰንት ይታይ፤ የተጻፈ ወረቀት ካላሳዩህ ዋጋ አትነጋገር። ሆዷን ጉድጓድ ላይ አስወጥተህ እይ። ለቻይና ገበያ የተሠራች ከሆነች ስክሪኗ ቻይንኛ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ቋንቋው ተቀይሮ እንዲያስረክቡህ አድርግ እንጂ «በኋላ እንቀይራለን» የሚል ተስፋ አትቀበል። ትርፍ ጎማ ይኑራት አይኑራት ኋላዋን ከፍተህ አረጋግጥ፤ ብዙዎቹ የላቸውም። ሻጩ ፈቃደኛ ከሆነ ደግሞ ከደብረ ብርሃን ጣርማ በር ድረስ ንዳት። 50 ኪሎሜትር አይሞላም። ባለ 38.88 ሲጋል ከሆነች ከ20 ፐርሰንት በላይ ከበላችህ ምክንያቱን ጠይቅ።

ዲኤክሷን ግን አትሽጣት። ይህን የምለው ስለ ፍቅር ብቻ አይደለም፤ ፍቅሩም አለ። መብራት ሁለት ቀን ሲጠፋ፣ ሌሊት የታመመ ሰው ወደ ሩቅ መውሰድ ሲመጣ፣ ሥሩ ድንጋይ የሆነ ገጠር ስትሄድ ዲኤክሷ ታስፈልግሃለች። ዕቃዋ በየሱቁ አለ፤ የትኛውም መካኒክ ያውቃታል። አባትህም መሪዋን ሲይዙ የሚሰማቸውን አንተ ልትሸጠው አትችልም። ዕለት ዕለት የሚሠራውን ሥራ የኤሌክትሪኳ ትሥራ፤ ዲኤክሷ ትረፍ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ታድርሳቸው።

ካርቡሬተሩን እንዲህ አድርግ። ቅዳሜ ጠዋት አባትህን አጠገብህ አቁማቸው፤ ጆሯቸው ካንተ ይበልጣል። ሞተሩ በደንብ ይሙቅ። የአየር ማጣሪያውን አውጣና በብርሃን ፊት ያዘው፤ ብርሃን ካላሳለፈ ለውጠው፤ ግማሹ ችግር እዚያ ሊሆን ይችላል። ቾኩ (ሞተር ሲቀዘቅዝ አየሩን የሚያጠበው ክዳን) ሙሉ ለሙሉ መከፈቱን እይ። ከዚያ ካርቡሬተሩ ላይ የድብልቁን ብሎን በትንሽ ካቻቪቴ ወደ ውስጥ ሩብ ሩብ ዙር አጥብቅ፤ በየሩቡ ቆመህ አድምጥ። ለእኛ ከፍታ ፋብሪካው ካዘዘው ትንሽ መጥበቅ አለበት። ሞተሩ ሲንቀጠቀጥና ሊጠፋ ሲል አልፈሃል፤ ሩብ ዙር መልስ። ድምፁ ሲረጋ እዚያው ተወው።

ከዚያ አባትህ እስከ ደብረ ብርሃን ይንዷትና ሲመለሱ አንዱን ካንዴላ ፍታ። ጫፉ አሁንም ጥቁርና እርጥብ ከሆነ በዋናው የቤንዚን ቀዳዳ በኩል ማነስ አለበትና ይዘሃት ወደ እኔ ና፤ በደብዳቤ የሚሠራ አይደለም። የተቆላ ቡና ቀለም ከያዘ ግን ካንዴላውን መልሰህ እሰር፣ ኮፈኑን ዝጋ።